ፒሲኦኤስ ያለብኝ ሴት ነኝ፤ ፕሮላክቲኔ 41 ሆኖ መጣ፤ ቀጥሎ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 28 ሲሆን በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። የወር አበባዬ ከጀመረኝ ጊዜ አንሥቶ ቀኑን ጠብቆ መጥቶ አያውቅም፤ አንዳንዴ በሁለት ወር፣ አንዳንዴ በሦስት ወር ይመጣል። አገጬና ከላይኛው ከንፈሬ በላይ የሚበቅለውን ፀጉር በየሳምንቱ በክር አስነሣለሁ። እናቴ «ብርድ ነው» እያለችኝ ዓመታት አለፉ፤ ከስምንት ወር በፊት ግን የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሄጄ በአልትራሳውንድ ሁለቱም ኦቫሪዎቼ (የእንቁላል ማምረቻዎቼ) ላይ ብዙ ትንንሽ ከረጢቶች ታዩና ፒሲኦኤስ፣ ማለትም እንቁላል በየወሩ እንዳይለቀቅ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት፣ እንዳለብኝ ተነገረኝ።

ከሁለት ወር በፊት ለስኳር ሕመምም የሚሰጠውን ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ መውሰድ ጀመርኩ። ባለፈው ሳምንት ለክትትል ስሄድ በታዘዘልኝ የሆርሞን ምርመራ ፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርገው ሆርሞን) 41 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆኖ መጣ፤ ወረቀቱ ላይ ከ25 በታች መሆን እንዳለበት ተጽፏል። ጡቴ ፈሳሽ አያወጣም፣ ራሴንም አያመኝም። ያነጋገርኳቸው ሁለት ባለሙያዎች ግን የነገሩኝ አንድ አይደለም። አንደኛው «ፒሲኦኤስ ራሱ ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋል፤ ካበርጎሊን ስትወስጂ ይወርዳል» ብለው መድኃኒቱን አዘዙልኝ። ሁለተኛዋ ደግሞ ከአንጎል ሥር ባለችው ዕጢ ላይ እባጭ ሊኖር ስለሚችል በቶሎ ኤምአርአይ እንድነሣ ነገሩኝ። የኤምአርአዩ ክፍያ ከወር ደመወዜ አብዛኛውን ይወስዳል። ካበርጎሊኑን ገዝቼ አስቀምጬዋለሁ፤ አልከፈትኩትም። ከሜትፎርሚን በቀር የምወስደው ሌላ መድኃኒት የለም። ይህ ቁጥር በእውነት ከፒሲኦኤሱ የመጣ ነው? ከሁለቱ ምክሮች የቱን ላስቀድም?

መልስ 1፦ የውስጥ ደዌና የሆርሞን ሐኪም

እህታችን፣ ካበርጎሊኑን ሳይከፍቱ መጠየቅዎ መልካም ነው። በእኔ እምነት ከሁለቱ ምክሮች በፊት መቅደም ያለበት ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ቁጥሩ ለምን ከፍ እንዳለ መጠየቅ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ይህ ሆርሞን እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል።

ፕሮላክቲን የሚመረተው ፒቱታሪ በምትባል፣ ከአንጎል ሥር በምትገኝና የሽምብራ ፍሬ በምታህል ዕጢ ነው። ከዚች ዕጢ የሚወጡት ሌሎቹ ሆርሞኖች «ውጡ» የሚል ትእዛዝ ከአንጎል ሲመጣላቸው የሚወጡ ሲሆኑ፣ ፕሮላክቲን ግን በራሱ መውጣት የሚፈልግና ዶፓሚን በሚባል ንጥረ ነገር ልጓም ተይዞ የሚኖር ነው። ስለዚህ ልጓሙን የሚያላላ ማንኛውም ነገር፣ መድኃኒትም ይሁን ጭንቀት፣ ወይም ከላይ የሚወርደውን ዶፓሚን የሚዘጋ እባጭ፣ ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርገዋል። ከፍ ሲል ደግሞ ኦቫሪን የሚያሠሩትን ሆርሞኖች ከምንጫቸው ያዳክማል፤ እንቁላል መልቀቅ ይቆማል፣ የወር አበባም ይዘገያል ወይም ይጠፋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ፒሲኦኤስን ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች በ1935 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከገለጹት ወዲህ፣ ፕሮላክቲናቸው መጠነኛ ከፍታ ያሳየ ብዙ ሕሙማን ታይተዋል። እንቁላል በየወሩ ስለማይለቀቅ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ያለ አጋሩ ያለ ፕሮጄስትሮን ለረጅም ጊዜ ይሠራል፣ ኤስትሮጅን ደግሞ ፕሮላክቲን አምራች ሴሎችን ያነሣሣል የሚል ማብራሪያም ተሰጠ። ማብራሪያው የሚመስል በመሆኑ እኛ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ደገምነው፤ እኔም በተማሪነቴ እንደዚያው ተምሬዋለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሴቶች በጥንቃቄ ሲመረመሩ አብዛኛውን ጊዜ የከፍታው ምክንያት ሌላ ሆኖ ይገኛል። በዚያው አቆጣጠር በ2003 በኔዘርላንድ ሮተርዳም ባለሙያዎች የተስማሙበት የፒሲኦኤስ መመዘኛም ከሦስቱ ምልክቶች፣ ማለትም ከወር አበባ መዘበራረቅ፣ ከወንዴ ሆርሞን መብዛትና ከአልትራሳውንዱ ገጽታ ሁለቱ መሟላታቸውን ብቻ አይጠይቅም፤ ተመሳሳይ ምልክት የሚያመጡ ሌሎች ሕመሞች አለመኖራቸው እንዲረጋገጥም ያዝዛል። ከእነዚህ አንዱ የፕሮላክቲን ከፍታ፣ ሌላው የታይሮይድ ሕመም፣ ሦስተኛው ከኩላሊት በላይ ካለው አድሬናል ዕጢ የሚመጣ በውርስ የሚተላለፍ ችግር ነው። ስለዚህ ምርመራው መጀመሪያ ላይ፣ ገና ስሙ ሳይሰጥዎ መደረግ ነበረበት።

የሚያስቸግረው ሁለቱ መመሳሰላቸው ነው። የፕሮላክቲን ከፍታ ብቻውን የወር አበባን ያዛባል፤ የአድሬናልን ወንዴ ሆርሞን በመጠኑ ከፍ አድርጎ ፀጉር ሊያበቅል፣ አልትራሳውንድ ላይም ፒሲኦኤስ የሚመስል ኦቫሪ ሊያሳይ ይችላል። (እነዚያ «ከረጢቶች» የተባሉት እድገታቸው መንገድ ላይ የቆመ እንቁላል የያዙ ፎሊክሎች ናቸውና ስሙ ሊያስፈራዎ አይገባም።) የሚለያዩበት ምልክትም አለ። በፒሲኦኤስ ኤስትሮጅን ስለማይጎድል ሐኪም ፕሮጄስትሮን መሰል ክኒን ለ10 ቀን ያህል ሰጥቶ ሲያቆም አብዛኛውን ጊዜ ደም ይመጣል፤ ፕሮላክቲን ለረጅም ጊዜ ብዙ ከፍ ባለባት ሴት ግን ኤስትሮጅን ስለሚወርድ ደሙ ላይመጣ፣ የብልት ድርቀትም ሊኖር ይችላል። የእርስዎ ታሪክ፣ ማለትም ዘግይቶም ቢሆን በራሱ የሚመጣ የወር አበባና ለዓመታት የቆየ የአገጭ ፀጉር፣ ወደ ፒሲኦኤስ ያደላል። ይህ ግን የ41ን ምንጭ አይነግረንም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ። መጀመሪያ እርግዝና አለመኖሩ በምርመራ ይረጋገጥ፤ ያላገባች ሴትን መጠየቅ እንደ ነውር እየተቆጠረ የሚዘለል ነገር ስለሆነ ነው የማነሣው፣ ቅር እንዳይልዎ። ቀጥሎ ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ ምርመራ ይሠራ፤ ታይሮይድ ሲዳከም አንጎል እርሱን ለመቀስቀስ የሚልከው ሆርሞን ፕሮላክቲንንም ይቀሰቅሳልና። የኩላሊት ምርመራም አብሮ ይታይ። ከዚያ መድኃኒት ነው፤ የዶፓሚንን ልጓም የሚያላሉ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። ሪስፔሪዶን፣ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የመሳሰሉ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች፣ ለማስታወክና ለጨጓራ የሚሰጡት ሜቶክሎፕራማይድና ዶምፔሪዶን፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሜቲልዶፓ፣ እንዲሁም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ከእነዚህ ይቆጠራሉ። «ሌላ የምወስደው የለም» ብለዋል፤ እባክዎ ላለፉት ሁለት ወራት ወደ አፍዎ የገባውን ክኒን ሁሉ፣ ከሱቅ የተገዛውንም ጭምር፣ አንድ በአንድ አስበው ይጻፉልን።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ከ200 ናኖግራም በላይ የሆነ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ፕሮላክቲን የሚያመነጭ እባጭን ይጠቁማል፤ 41 ግን ከሁሉም ምክንያት ሊመጣ የሚችል ቁጥር ነው፤ ትንሽ እባጭንም ሙሉ በሙሉ አያስወጣም። ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ሌላ ምክንያት ተፈልጎ ሲታጣና ቁጥሩ በድጋሚ ምርመራም ከፍ እንዳለ ሲቆይ፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታትና የእይታ ዳር ዳር መጥፋት ሲኖር ነው። በችኮላ መነሣት ገንዘብ ከማባከን ያለፈ ጣጣም አለው፤ ምንም ሕመም ከሌላቸው ሰዎች ከ10 አንዱ ገደማ ፒቱታሪው ላይ አንዳች ትንሽ እባጭ ስለሚገኝበት፣ ከእርስዎ ቁጥር ጋር ግንኙነት የሌለው ነገር ተገኝቶ ለዓመታት ሲያስጨንቅዎ ሊኖር ይችላል።

መልስ 2፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ

እህቴ፣ ሐኪሙ የዘረዘሩት ሁሉ እንዳለ ሆኖ እኔ ደሙ የተቀዳበትን ሁኔታ ልጠይቅሽ። በስንት ሰዓት ነበር? በእግርሽ ፈጥነሽ መጥተሽ ወይስ አርፈሽ? ደም ሥሩ በአንድ ጊዜ ተገኘ ወይስ ደጋግመው ወጉሽ?

ይህን የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ። ፕሮላክቲን ቀኑን ሙሉ በአንድ ልክ አይቆይም፤ በእንቅልፍ ሰዓት ከፍ ይላል፤ ከእንቅልፍ ከተነሡ በኋላም ወደ ልኩ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል። ድካም፣ ድንጋጤ፣ ከባድ ምግብና የጡት መነካካትም ያንሩታል። እኛ ጋ ሴቶች ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው ወረፋ ይይዛሉ፤ ደረጃውን እየሮጡ ወጥተው ገና ትንፋሻቸው ሳይሰበሰብ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። አንዲት ልጅ ደም ሥሯ አልገኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ስትወጋ በላብ ተጠምቃ አይቻለሁ፤ በዚያ ናሙና ላይ የወጣው ቁጥር ከፍ ማለቱ አላስደነቀኝም። ስለዚህ ሲደገም ከእንቅልፍሽ ከተነሣሽ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት አልፎሽ፣ ቁርስ ሳትበዪ፣ ከጠዋቱ ሦስትና አራት ሰዓት ገደማ ነይ፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለሽ ዕረፊ፤ ቀጂዋንም «ለፕሮላክቲን ነው፣ ልረፍ» በያት። አንዳንድ ቦታ ቀጭን ቱቦ ደም ሥር ውስጥ አስቀምጠው ታካሚዋ ካረፈች በኋላ በድጋሚ ይቀዳሉ፤ የመርፌውን ድንጋጤ ለማስቀረት ጥሩ ዘዴ ነው።

ሌላም አለ። አንዳንድ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ፕሮላክቲን ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ ግዙፍ ይሆናል፤ ማክሮፕሮላክቲን ይባላል። ይህ ግዙፍ ዓይነት ከደም ቶሎ ስለማይወጣ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ሰውነት ላይ ግን እምብዛም አይሠራም፤ መሣሪያው ሁለቱን አይለይም። ናሙናውን ፒኢጂ ከተባለ ኬሚካል ጋር ቀላቅሎ ግዙፉን በማዝቀጥ መለየት ይቻላል። ሲደገምም ከፍ ካለ፣ በተለይ ምልክት ከሌለሽ፣ ይህ እንዲሠራልሽ ጠይቂ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን መለኪያ ሳታዩ ከእሷ ቁጥር ጋር አታወዳድሩ፤ የእሷ 41 ናኖግራም በሌላው መለኪያ 870 ሚሊ ዩኒት በሊትር ያህል ነው።

መልስ 3፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ከሐረር

አብሽ ወተት ያበዛል ይባላል። እኔ ስወልድ በየቀኑ እጠጣ ነበር። ይህች እህታችን አብሽ የምትጠጣ ከሆነ ፕሮላክቲኑን ያ አንሥቶት ይሆን?

መልስ 4፦ የውስጥ ደዌና የሆርሞን ሐኪም

እናታችን፣ በአብሽ ምክንያት ፕሮላክቲን ይህን ያህል ያድጋል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም፤ እኔ ቁጥሩን በእርሱ ላይ አላሳብብም። ሆኖም አብሽ የደም ስኳርን በመጠኑ ሊያወርድ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በብዛት የሚጠጣ ከሆነ ለሐኪሙ ቢነግር ጥሩ ነው።

መልስ 5፦ ነዋሪነቷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

እኔ ከተቃራኒው ጎን ነኝና ታሪኬን ልንገርሽ፤ አንቺን ለማስፈራራት ግን አይደለም። ገና አገር ቤት ሳለሁ በአንድ ክሊኒክ አልትራሳውንዴን ብቻ አይተው ፒሲኦኤስ ነው አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ታከምኩ፤ ፕሮላክቲኔን የለካ ሰው አልነበረም። የወር አበባዬ መጀመሪያ ዘገየ፣ በኋላ ጨርሶ ጠፋ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ሳወልቅ ቀሚሴ ላይ፣ በጡቴ ጫፍ በኩል፣ የብር ሳንቲም የምታህል እርጥብ ክብ ነገር አየሁ። ወልጄ አላውቅም። ለማንም ሳልናገር በጡት መያዣዬ ውስጥ ጨርቅ እያደረግሁ ወራት አሳለፍኩ፤ ሰው ቢያውቅ ምን ይለኛል ብዬ። ዛሬ የሚቆጨኝ ሕመሙ ሳይሆን ያ ዝምታ ነው።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ ሲለካ 118 ናኖግራም ሆነ፤ ኤምአርአይ ላይ 6 ሚሊ ሜትር እባጭ ታየ። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት ትንንሾቹ እምብዛም የማያድጉ፣ ካንሰርም ያልሆኑ መሆናቸው ሲነገረኝ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ካበርጎሊን ግማሽ ክኒን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ እራት በልቼ ልተኛ ስል እወስዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከአልጋ ስነሣ ያዞረኝ ነበር፣ ስለዚህ እግሬን አውርጄ ትንሽ ተቀምጬ ነበር የምነሣው። ቁጥሩ በሁለት ወር ውስጥ ልኩን ያዘ፤ የወር አበባዬም ተመለሰ። ባለትዳሮች ልብ በሉ፣ የወር አበባ ከመመለሱ በፊት እንቁላል ሊለቀቅ ስለሚችል ሳያስቡት ማርገዝ አለ፤ ለእኔም ይህን አስቀድማ የነገረችኝ ሐኪሜ ናት። እንግዲህ እህቴ፣ ጡትሽን ራስሽ በኃይል እየጨመቅሽ አትፈትሺ፣ ያም ራሱ ሆርሞኑን ያነሣሣል፤ ነገር ግን በራሱ የሚወጣ ፈሳሽ ካየሽ እንደ እኔ አትደብቂው።

ተጨማሪ፦ ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ ያሉኝን አስቤ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እንደ መድኃኒት ስላልቆጠርኩት ነው ያልጻፍኩት። ሜትፎርሚኑን የምወስደው ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በባዶ ሆዴ ነበር። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠመኔ ይዤ እንደቆምኩ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ሰፈራችን ካለው ፋርማሲ ስጠይቅ ፕላሲል ሰጡኝ፤ ሲያሻለኝ ጊዜ ሌላ የክኒን ቅጠል ገዛሁ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ወስጃለሁ፤ ደም የተቀዳሁ ዕለትም ጭምር። አሁን ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው በጀርባው «ሜቶክሎፕራማይድ» ይላል። ለላቦራቶሪ ባለሙያዋም፦ የተቀዳሁት ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ በልቼ፣ ከክፍል ወጥቼ በጥድፊያ ሄጄ ነው።

መልስ 6፦ ፋርማሲስት

ይህ በየቀኑ የማየው ነገር ነው፤ የሙያ ባልደረቦቼንም ይመለከታል። ሜቶክሎፕራማይድ ዶፓሚን የሚይዝበትን ቦታ ስለሚዘጋ ማቅለሽለሹን ያስታግሳል፤ በዚያው መንገድ ፕሮላክቲንን ይለቅቃል፤ አንዲት ክኒን ብቻ ወስዶ በሰዓታት ውስጥ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለቀናት የሚወሰድ እንጂ ለሳምንታት በራስ ውሳኔ የሚዋጥ አይደለም፤ የፊትና የአንገት ጡንቻን ያለ ፈቃድ የማንቀሳቀስ ጉዳትም ሊያስከትል ይችላል። የሜትፎርሚኑን ማቅለሽለሽ ከሥሩ ማስተካከል ይቻላል፦ ክኒኑን ከምግብ ጋር መውሰድ፣ በቀን በአንድ ጀምሮ በሳምንት በሳምንት መጨመር፣ ካልሆነም ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት ሐኪም እንዲያዝ መጠየቅ።

መልስ 7፦ የውስጥ ደዌና የሆርሞን ሐኪም

ምክንያቱ በእጃችን የገባ ይመስላል፤ ሆኖም እስኪረጋገጥ ድረስ መላምት ነው። ፕላሲሉን ያቁሙ፤ ቢያንስ ሦስት ቀን፣ የሚቻል ከሆነ ሳምንት ይቆዩና ባለሙያዋ በነገረችዎ ሁኔታ ይድገሙት። ይህን የሚያነብቡ ሌሎች ግን እንዳይሳሳቱ አደራ እላለሁ፦ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፕሮላክቲኑን ለመፈተሽ ብሎ በራሱ ማቆም የለበትም፤ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። እርሱ የሚወሰነው መድኃኒቱን ካዘዘው ሐኪም ጋር ብቻ ነው።

ካበርጎሊኑን በተመለከተ፣ ቢወስዱት ኖሮ ቁጥሩ ይወርድ ነበር፤ መድኃኒቱ ከእባጭ የመጣውን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም ያወርዳልና። ያኔ ሁላችንም «ተሻላት» ብለን ፕላሲሉ ሳይታወቅ ይቀር ነበር፤ እርስዎም አንዱ ክኒን የሚያላላውን ልጓም ሌላው ክኒን ሲያጠብቀው በመካከል ለወራት ይኖሩ ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ፦ ጠያቂዋ

ውጤቱን ለማሳወቅ ተመልሻለሁ። ፕላሲሉን ካቆምኩ በ12ኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ ካረፍኩ በኋላ ተቀዳሁ። ፕሮላክቲን 16.8 ሆነ። ቲኤስኤች 2.1፣ ኩላሊት ደህና፣ እርግዝና የለም። ውጤቱን ይዤ ኤምአርአይ ያዘዙልኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ስለ ፕላሲሉ ስነግራቸው ማዘዣውን ከፋይሌ አውጥተው «ለጊዜው አያስፈልግም» ብለው ጻፉበት፤ ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጊዜ እንዲደገም ብቻ አዘዙ።

የወር አበባዬ ግን አሁንም አልመጣም፤ 94 ቀን ሆኖታል። ሐኪሟ እንዳስረዱኝ ፒሲኦኤሱ በቦታው አለ፤ የማህፀን ግድግዳ ሳይጸዳ ከሦስት ወር በላይ እንዲቆይም አይፈልጉም፤ ስለዚህ ለ10 ቀን የሚወሰድ ፕሮጄስትሮን መሰል ክኒን ሰጥተውኛል፣ ትናንት ጀምሬዋለሁ። ግሉኮስ ጠጥቶ ስኳር የሚለካበትን ምርመራም አዝዘውልኛል። ሜትፎርሚኑን አሁን ከእራት ጋር አንድ ብቻ እየወሰድኩ ነው፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሳያቅለሸልሸኝ ሳስተምር ሁለተኛ ሳምንቴ ነው።